ከግድግዳው ሥር ልቆም ሀርጌሳ ሄድኩ

ሀርጌሳ የሄድኩት ከአንድ ግድግዳ ሥር ለመቆም ነው። ለአለቃዬ ፈቃድ ስጠይቅ "የቤተሰብ ጉዳይ" ብዬ አለፍኩት፤ ውሸትም አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ይርጋ እዚያ ግንበኛ ነው። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ አንድ ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ፤ ከማስተማር የተረፈኝን ጊዜ ነገር እሰብርበታለሁ። በመዶሻ አይደለም፤ በኮምፒውተር። ግድግዳን ከባድ ነገር ሲመታው ስንጥቁ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሮጥ፣ የቱ ክፍል ወድቆ የቱ እንደሚቆም አሰላለሁ። እማዬ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ "ያልተሠራ ቤት ታፈርሳለች" ትላለች።

ይርጋ ኮድቡር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር የአንዲት አዛውንት ቤት ሊጠግን ሥራ ያዘ። ቤቱ በዚያ አገር የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በመድፍ የተመታ ነው። የቀረው አንድ ግድግዳና ከኋላው የተከመረ ፍርስራሽ ብቻ ነው። ጎረቤቶች "ልጆቻችን ላይ ሳይወድቅ በማሽን ይነሳልን" ይላሉ። ባለቤቷ ግን ግድግዳው እንዳለ ሆኖ ክፍሉ በዙሪያው እንዲሠራላቸው ይፈልጋሉ። ይርጋ ፎቶና ልክ ላከልኝ፤ የድንጋዩንና የሲሚንቶውን ስባሪም በሰው እጅ አደረሰልኝ። ስባሪውን ቤተ ሙከራ ውስጥ ጨፍልቄ ጥንካሬውን ለካሁ፣ ቤቱን በኮምፒውተር ሠራሁ፣ በመድፍ መታሁት፣ ከዚያ የተረፈው ግድግዳ ብቻውን ይቆም እንደሆነ አየሁ። ቆመ። "ፍርስራሹን ጥረግና ሥራህን ጀምር፤ አይወድቅም" አልኩት።

አዛውንቷ ይህን ሲሰሙ "አይወድቅም ያለችው ትምጣ፤ ፍርስራሹ ሲነሳ ከሥሩ ትቁም" አሉ። በእሳቸው ቤት ደንቡ ይህ ነው፤ ለአንድ ነገር ዋስ የሆነ ሰው አጠገቡ ይቆማል። ይርጋ በስልክ ሲነግረኝ ከልቤ ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከእኔ ይበልጥ አካፋ ይዞ እዚያ ሥር የሚውለው እሱ መሆኑ ታየኝ፤ ሳቄም እዚያው ቀረ። ስሌቴን አምናለሁ። ቢሆንም በስሌቴ ሥር ወንድሜ ቆሞ አያውቅም ነበር።

በዚያ ሰሞን አባዬና እማዬ የሰሜኑን ጦርነት ሸሽተው ከወልድያ እኔ ዘንድ መጥተው ነበር። እማዬ በር ላይ ቆማ "ደህና መሆኑን በዓይንሽ አይተሽ ነይ" አለችኝ። አባዬ ቦርሳዬን አንስቶ እስከ ታክሲው ሸኘኝና ተመለሰ።

ወደ ጅጅጋ

አውቶቡሱ የተነሳው ገና ሳይነጋ ነው። የመስኮት ጥግ ይዤ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አቀፍኩ። የአውቶቡሱን የፊት መስታወት ጠጠር መትቶት ተሰንጥቋል፤ ሾፌሩ የስንጥቁን ጫፍ በፕላስተር አስሮታል። ሌላው ተሳፋሪ መንገዱን ያያል፣ እኔ ስንጥቁን። አዳማንና የመተሐራን ጥቁር ድንጋይ ያየኋቸው በእሱ በኩል ነው። ሸለብ ሲያደርገኝ ስንጥቁ እየረዘመ ሜዳውን ለሁለት ከፈለው፤ ከብቶቹ በዚያኛው ወገን ቀሩ፣ እረኛቸው በዚህኛው። ስነቃ አዋሽን ተሻግረናል።

ከአዋሽ ወዲያ አንድ ኬላ ላይ ወረድን። ጊዜው የጦርነት ነውና ፍተሻው የምር ነበር። አንድ ወታደር ላፕቶፔን ከፍቼ እንዳሳየው ጠየቀኝ። ስከፍተው ያው ግድግዳና ወደ እሱ የሚመጣው የመድፍ ጥይት ፊት ለፊት ተደቀኑ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ሥራዬ ነው። ግድግዳ ሲመታ እንዴት እንደሚሰነጠቅ አሰላለሁ።"

"ለማን?"

"ለወንድሜ።"

መልሱ ለራሴም የጅል መሰለኝ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ፊልሙን እንዳስኬደው በአገጩ አመለከተኝ። ጥይቱ እየተንሳፈፈ ደረሰ፣ ግድግዳው እንደ ተሰጣ አንሶላ ተርገበገበ፣ ስንጥቆቹም ቀስ እያሉ ተበተኑ። ሁለት ጓደኞቹ ትከሻው ላይ ተደግፈው አብረው አዩ። በመጨረሻ "እንዲህ ቀስ ብሎ አይመጣም" አለ። ከየትኛው ግንባር እንደተመለሰ አልጠየቅኩትም። ላፕቶፑን ራሱ ዘጋና "መልካም መንገድ" ብሎ ሰጠኝ።

ሐረር አድረን በማግስቱ ጠዋት ወደ ጅጅጋ ወጣን። ባቢሌ ላይ ገና ትኩስ የሆነ ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልለው በመስኮት አቀበሉኝ። ከዚያ ወዲያ የዳካታ ሸለቆ ይጀምራል። ቤት የሚያህል ቋጥኝ በጠባብ አናት ላይ ተቀምጧል፤ በላዩ ደግሞ ሌላ ቋጥኝ ተሳፍሯል። እኔ ባሰላው አብዛኛውን "ይወድቃል" ባልኩት ነበር። ዝንጀሮዎቹ ግን በጥላው ሥር ተዘርግተው ፀሐይዋን ሸሽተዋል። በዚህ መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ የረዳቱ ሬዲዮ እንኳ ድምፁ ቀነሰ መሰለኝ። ኦቾሎኒው ሲያልቅብኝ ነው ካራማራ መድረሳችንን ያወቅኩት።

ቶጎ ውጫሌ

ድንበሩ ላይ የጠበቀኝ ጋሽ መኮንን ነው። ከይርጋ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይቶ ይኖራል፤ የበርበራ መስመር ሾፌር ነው። የዚያን ቀን የጭነት መኪናው ጋራዥ ስለገባች የሰው ትንሽ ቶዮታ ተውሶ መጣ። ነጠላዬን ጸጉሬ እንዳይታይ አድርጌ ጠመጠምኩ፤ የአንገት ማተቤን ከአንገትጌዬ ሥር ከተትኩ። ማዶው በእግር የሚደረስ ነው፤ ግን በአቧራው፣ በአህያው፣ በጎማው ክምርና በፕላስቲክ ጀሪካኑ መሐል መንገድ የሚባል ነገር ጠፍቶብኝ ጋሽ መኮንንን በእጅጌው ይዤ ተሻገርኩ።

መኪናዋ መሪዋ በቀኝ ነው፤ የሚነዳውም በመንገዱ ቀኝ። ስለዚህ ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን ከባድ መኪና ሲያልፍ ከወዲያ የሚመጣውን አያይም። የሚያየው በግራ የተቀመጠው ነው።

"እህቴ፣ ይመጣል?"

"ቆይ… አዎ፣ ይመጣል!"

"አሁንስ?"

"የለም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

እስከ ገቢሌ ድረስ እንዲህ ስንባባል ሄድን። ቀለበቴን ሳዞር አየኝና "ጎበዝ ነሽ፤ ባለፈው ያመጣሁት ልጅ ተኝቶብኝ ነበር" ብሎ ሳቀ። ገቢሌ ላይ ፓስታ በላን። ጾም ላይ ስለነበርን ከሥጋው ሽሽት በቲማቲም ብቻ እንዲሆንልን ለመነ፤ አስተናጋጁም ለምዶታል፣ ከጎኑ ሙዝ ጣል አድርጎ አመጣው። ከሰዓት በኋላ ናሶ ሀብሎድ የሚሏቸው ሁለት ኮረብቶች ጎን ለጎን ብቅ አሉ፤ ሀርጌሳ ደረስን።

ኮድቡር

ይርጋ ፊቱ ሁሉ ኖራ ሆኖ በመንገድ ዳር ይጠብቀኝ ነበር። ከስቷል። "እታለም!" ብሎ ሲያቅፈኝ ቀሚሴ ነጭ በነጭ ሆነ፤ የመጣሁበትን ጉዳይ ለአፍታ ረሳሁት።

ቤቱ ባጃጅ በማይገባበት ቀጭን መንገድ ውስጥ ነው። በፎቶ ለስንት ጊዜ ያየሁት ግድግዳ ከፊቴ ሲቆም እንግዳ ነገር ተሰማኝ። እያንዳንዱን ስንጥቅ አውቀዋለሁ። ከቀዳዳው በስተግራ የሚወርደውን፣ መስኮቱ ጥግ ላይ የሚታጠፈውን፣ ሁሉንም ኮምፒውተሬ ውስጥ እኔ ነኝ ያወጣኋቸው። የማላውቀው ቀለሙን ነበር። ከአናቱ አካባቢ ፀሐይ የበላው የሰማያዊ ቀለም ቅሪት አለበት፤ በመድፉ ቀዳዳ በኩል ደግሞ የዕለቱ ሰማይ ይታያል። ሁለቱ ሰማያዊዎች አንድ ሆነውብኝ ቀዳዳው የቱ ጋ እንደሚጀምር ለማየት ጠጋ ማለት ነበረብኝ። ከኋላ እሾህ የበቀለበት ፍርስራሽ ላይ ፍየሎች ቆመው ያዩናል።

የቤቱ ባለቤት ኢዶ ሳህራ ግቢው ውስጥ ከተከሉት የላስቲክ ዳስ ሥር ተነስተው መጡ። ኢዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ በዕድሜ የገፉ ሴቶች በዚህ ይጠራሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰው ሲያዩ አንገታቸውን ዘንበል የሚያደርጉ ሴት ናቸው። በእኛ አገር ባለው የሀርትሼክ ስደተኞች መጠለያ ሳሉ የለመዷት ጥቂት አማርኛ አለቻቸው፤ ሲያልቅባቸው ይርጋ ይቀጥላል።

"አንቺ ነሽ? ቀጭን ነሽ። ግድግዳ ቢመጣ ምን ይይዛል?" አሉኝ።

የግመል ወተት ያለበት ሻይ አቀረቡልኝ። ጾም መሆኑን ይርጋ ሲነግራቸው ቅር አላቸው፤ ወዲያው ግን ተምር አስመጡና እስክበላ ድረስ አፌን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ስለ ግድግዳው አጫወቱኝ። ከስደት ሲመለሱ ጣሪያ፣ በር፣ መስኮት፣ የመብራት ሽቦ ሳይቀር የለም። መንገዱም መንገድ አይመስልም፤ የሰው ቤት ከሰው ቤት አይለይም። እሳቸው ግን ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የቀቡትን ሰማያዊ ከሩቅ አዩት።

"ወላሂ፣ ይሄ ባይኖር የሰው ቤት እገባ ነበር" አሉና ሳቁ። ይርጋም ሳቀ። እኔ ግን ይህን ሰምቼ ግድግዳው ይፍረስ ለማለት አንደበት እንደማይኖረኝ ገባኝ።

ማግስቱን ይርጋ አካፋ ይዞ ሊገባ፣ እኔም ከሥሩ ልቆም ተነጋገርን። ኢዶ ሳህራ ከዚያ በፊት "ያየሽበትን ነገር እኔም ልየው" አሉ። ላፕቶፔን ጀሪካን ላይ አስቀምጬ ፊልሙን ከፈትኩላቸው። ጥይቱ መጣ፣ መታ፣ ስንጥቁ ተበተነ፣ የግድግዳው አናት ተገነጠለ፣ ጣሪያው ማዘንበል ጀመረና እየሳሳ እየሳሳ አየር ላይ ጠፋ። ግድግዳው ንጹሕ ወለል ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። የኢዶ ሳህራ ጉንጭ በማያው ብርሃን ሰማያዊ ሆኗል። ያ ቀን በዓይናቸው ፊት እንደገና እንዳለፈ ያሰብኩት አሁን ገና ነው፤ ያኔ ግን ስለ ሥራዬ ኩራት ይሰማኝ ነበር።

"ጣሪያዬስ?" አሉ።

"ተሰበረ።"

"መሰበሩንማ አውቃለሁ። የት ሄደ?"

ይርጋ ሲተረጉም እኔን እያየ ፈገግ አለ። አስረዳሁ። በእኛ ሥራ ቤቱን እልፍ ወደሆኑ ትናንሽ ኩቦች እንከፋፍለዋለን። አንዱ ኩብ ከአቅሙ በላይ ሲለጠጥ ተሰብሯል ማለት ነውና ፕሮግራሙ ከስሌቱ ይሰርዘዋል። የተበላሸ ኩብ ይዞ ማስላት ኮምፒውተሩን ያንቀዋል፤ ስለዚህ በዚህ ሙያ ያለን ሰዎች እንሰርዛለን። ተማሪዎቼንም እንዲሁ ነው የማስተምራቸው። "የተሰበረው ከዚያ ወዲህ ሥራ ስለሌለው ኮምፒውተሩ ያነሳዋል" ብዬ ጨረስኩ።

ኢዶ ሳህራ ረጅም ሳቅ ሳቁ። "ማሻአላህ! ለእኔም እንዲህ ቢያነሳልኝ ምን ነበረበት። እኔ ስመለስ ሁሉም እዚያው ነበር።"

በእጃቸው ወደ ፍርስራሹ አመለከቱ። ዞሬ አየሁ። የጣሪያው ኮንክሪት እሾሁ ሥር ሰያፍ ተጋድሟል፤ አንዱ ጠርዙ በቀጥታ የግድግዳው እግር ላይ አርፏል። በይርጋ ፎቶዎች ውስጥም ነበር። ለወራት ሳየው "የሚጠረግ ነገር" ከማለት በቀር ምንም ብዬው አላውቅም። በእኔ ስሌት ይህ ጣሪያ መሬት ደርሶ አያውቅም። መሬት ካልደረሰ ደግሞ ሲወድቅ ምን እንደመታ አልተሰላም።

"ይርጋ፣ ነገ አትነካውም" አልኩ።

መሐመድ ሞጌ

የይርጋ ክፍል መሐመድ ሞጌ ከሚባለው ሰፊ ሰፈር ውስጥ ነው። በማግስቱ እዚያ ዋልን። ጣሪያውን ሳይሰረዝ እንዲወድቅ፣ የተሰበረው ሁሉ ክብደቱን ይዞ እንዲቆይ አድርጌ ስሌቱን አዲስ ጀመርኩት። ላፕቶፑ እንዳይግል ይርጋ በሁለት ጡብ ላይ አስቀመጠው፤ ቬንቲሌተሩንም ከእኛ ላይ አንስቶ ወደ እሱ አዞረው። ኮምፒውተሩ ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያነሰችውን ቅጽበት ለማስላት ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ከውጭ አዛን ይሰማል፣ ጋሽ መኮንን ግቢው ውስጥ ጎማ ይነፋል። ምንጣፉ ላይ ተጋድሜ ነቃ ስል ጣሪያው ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ ሸለብ አድርጎኝ ስነቃ ደግሞ ትንሽ። የዚያች ከተማ አንድ ቅጽበት የእኔን ሙሉ ቀን ወሰደ፤ በመሐል ሕልሜና ማያው ተቀላቀሉብኝ። ወልድያ ያለው ግቢያችን ውስጥ ሆኜ ጣሪያ ሲወርድ የማይ መሰለኝ፤ እንደ ደረቅ ቅጠል ቀስ ብሎ ይመጣል፣ እኔም ሮጬ መድረስ የምችል ይመስለኛል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጣሪያው መሬት ደረሰ። ጠርዙ የግድግዳውን እግር መታው፤ ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ሮጠ። ግድግዳው ከሥሩ ተቆረጠ። ወደ ውስጥ ዘንበል አለ፣ አለ… እና የቆረጠው ጣሪያ ላይ ተደግፎ ቆመ። ከዚያ ይርጋ በአካፋው ሊያደርግ ያሰበውን እኔ በጣቴ አደረግሁት፤ ፍርስራሹን አነሳሁት። ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ወደቀ። ቆፋሪው የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው የወደቀው።

ይርጋ ከትከሻዬ በላይ ያይ ነበር። "እኔ እዚህ ጋ ነበርኩ ማለት ነው" ብሎ ማያውን በኖራማ ጣቱ ነካው።

አለቀስኩ። ወንድሜን ልገድለው ነበር፤ ለዚህ ሌላ ስም ላገኝለት አልቻልኩም። እሱ ምን እንደሚያደርገኝ ግራ ገባው፤ ቬንቲሌተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ።

እንደገና ኮድቡር

ጠዋት ይርጋ እሾሁን መነጠረ፤ በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት የስልክ መብራት አስገብተን አየን። ስንጥቁ እዚያ ነበር፣ ጣት የሚያስገባ፣ ከዳር እስከ ዳር።

ኢዶ ሳህራ ዳሱ ሥር ይጠብቁናል። ይርጋ ተርጓሚ ነው፤ ግን ይህን እሱ እንዲልልኝ አልፈለግኩም፤ በቀላል አማርኛ እያየኋቸው ተናገርኩ።

"ኢዶ፣ ተሳስቻለሁ። ፍርስራሹ ቢነሳ ይወድቃል። ከሥሩ መቆም አልችልም፤ ይርጋም አይቆምም።"

ዳሱ አጠገብ የቆሙት ሁለት ጎረቤቶች ይርጋ በሶማሊኛ ሲነግራቸው እርስ በርስ ተያዩ፤ ማሽኑ እንደሚጠራ እርግጠኛ የሆኑ መሰሉ። ቶሎ ብዬ ቀሪውን ተናገርኩ። ግድግዳውን የያዘው የወደቀው ጣሪያ ነው። እሱ ካልተነካ፣ በመጀመሪያ በብረት ቱቦ ከተደገፈ፣ ከዚያ ክፍተቱ ሁሉ በሲሚንቶ ከተሞላና ከግድግዳው እግር ጋር በብረት ከተሰፋ፣ ግድግዳው ይኖራል። ክፍሉ ግን ከሐሳባቸው በግማሽ ያንሳል፤ ግማሹን ጣሪያው ተኝቶበታል።

ኢዶ ሳህራ ይርጋን በሶማሊኛ ደጋግመው ጠየቁት። በደንብ መስማታቸውን ሲያረጋግጡ ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔ ሀርትሼክ ሆኜ… ይሄን ሁሉ ጊዜ… እሱ ይዞት ነበር?"

"አዎ፣ ኢዶ።"

"እኔ ስረግመው ነው የኖርኩት።" ተነሱ፤ ፍየሎቹን በእጃቸው ገፋ ገፋ አድርገው ከኮንክሪቱ ላይ አወረዱ። "ይቆይ። ጠባብ ክፍል ለአንዲት አሮጊት ይበቃል።"

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሁሉ ይርጋ ቱቦ አቆመ፣ ሲሚንቶ ሞላ፣ እኔ ውሃ አመላለስኩ። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ከሩቅ ያዩን ነበር፤ በኋላ አንደኛው የራሱን ቱቦ ይዞ መጣ። ሲሚንቶው ሲጠነክር ኢዶ ሳህራ ሳይጠይቁኝ ሄጄ ከግድግዳው ሥር ቆምኩ። ጀርባዬን አስደገፍኩት። ግለቱ እስካሁን ትከሻዬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

መመለሻ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ድንበሩ ድረስ ያደረሰኝ ይርጋ ራሱ ነው፤ ሲሰናበተኝ "ለእማዬ ወፍሯል በያት" አለኝ። አዲስ አበባ ስደርስ እማዬ ስለ ግድግዳው አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችኝ ምን እንደሚበላና የት እንደሚተኛ ነው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ወፍሯል ያልኩትን ግን አላመነችኝም።

የተማርኩትን በክፍል ውስጥ ተናግሬዋለሁ፤ ተማሪዎቼ ስሌታቸው ስለዘገየባቸው አማርረውብኛል። የተሰበረ ነገር አይጠፋም። ክብደቱን ይዞ የሆነ ቦታ ላይ ያርፋል፤ እዚያም የሚቆርጠው ወይም የሚያቆመው ነገር ይኖራል። ከእንግዲህ ኮምፒውተሬ ውስጥ ንጹሕ ወለል ባየሁ ቁጥር እጠራጠራለሁ።

ይህን ለእማዬ ሳወራ አባዬ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። የተኛ መስሎኝ ነበር። ከመጣ ጀምሮ ስለ ወልድያው ቤት አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም፤ ተመትቷል የሚል ወሬ ሲመጣም ተነስቶ ይወጣ ነበር። ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

"የእኛን ቤት ታውቂዋለሽ?" አለኝ።

"ምኑን አባዬ?"

"ውፍረቱን፣ የተሠራበትን። እኔ ነኝ ያሠራሁት። ክፈቺው እስቲ።"

ላፕቶፑን ከፈትኩ። እሱ እየነገረኝ ሠራሁት። የሳሎኑን ግድግዳ፣ ወደ ጓሮ የሚወጣውን በር፣ የእሱና የእማዬን መኝታ፣ ይርጋ ልጅ ሳለ ጭቃ ይለጥፍበት የነበረውን የአጥር ድንጋይ። ሲሳሳት እማዬ ከምድጃው በኩል ታርመዋለች፤ ሲከራከሩ ቆይተው ይስማማሉ። አባዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ማያውን በጣቱ እየተከተለ "እዚህ ጋ ትንሽ ከፍ አድርጊው" ይለኛል። መጨረሻ ላይ ቤታችን ከነመስኮቶቹ ሙሉ ሆኖ ቆመ።

እጄ እንደ ልማዱ ወደሚቀጥለው ትእዛዝ ሄደ። አባዬ እጄን ያዘኝ።

"ዛሬ አትምቺው" አለ። "ዛሬ እንዲሁ እንየው።"